እጇ ያልደረሰበት በር

የስድስት ዓመቷ ልጅ ምናባዊ ዓለም የሚያሳየውን የቪአር መነጽር አጥልቃ ክፍሉ መካከል ቆማለች። ፊት ለፊቷ ያለው ባዶ ወለልና ነጭ ግድግዳ ነው፤ በመነጽሩ ውስጥ ግን የተዘጋ ሰማያዊ በር ይታያታል። ከበሩ ወዲያ የአትክልት ስፍራ አለ። የሚጠበቅባት እጇን ዘርግታ የናሱን መቀርቀሪያ መሳብ ብቻ ነው። ዘረጋች፤ አልደረሰችም። በእግሯ ጣቶች ቆመች፤ አሁንም አልደረሰችም። አንድ ጊዜ ዘለለች። መነጽሩ ወደ አፍንጫዋ ተንሸራተተ፤ በሁለት እጇ መልሳ አስተካከለችው። ከዚያም እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችና ለራሷ እንደምትናገር ሆና «ይህ የትልልቅ ሰዎች ነው» አለች።

እኔ አጠገቧ ሆኜ እሷ የምታየውን በኮምፒውተሩ ስክሪን እከታተል ነበር። መቀርቀሪያው ከወለሉ 1 ሜትር ከ55 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ለምን እዚያ ላይ ሆነ? ስሠራው መነጽሩን አጥልቄ የሞከርኩት እኔው ስለሆንኩ ነው። ዓይኔ ከሚያርፍበት፣ እጄም ሳይቸገር ከሚደርስበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፤ «ጥሩ ነው» ብዬ ወደ ሌላው ሥራ አለፍኩ። አራት ወር የለፋሁበት የአትክልት ስፍራ በአንዲት መቀርቀሪያ ምክንያት ለታሰበላት ልጅ ተዘግቶባት ቀረ።

በእውነተኛው ዓለም ለበር ከፍታ ሰበብ አይጠፋም፤ አናጺው ነው፣ ግንበኛው ነው፣ ቤቱ አሮጌ ነው ይባላል። በምናባዊ ዓለም ግን ሰበብ የለም። ዛፉ የረዘመው አንድ ሰው ይርዘም ስላለ ነው። ወንዙ የራቀው አንድ ሰው ስላራቀው ነው። ልጅቷ ያለችው ቃል እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣውም ስለዚህ ነው፤ ትክክል ነበረች። ዓለሙን የሠራሁት በራሴ ቁመት ነበር።

ሥራዬ ለልጆች የሚሆኑ ባለ ሦስት አውታር፣ በተለምዶ ስሪዲ የምንላቸውን ምናባዊ ዓለማት መንደፍ ነው። ከዚያም ውስጥ የእኔ ድርሻ ልጁና ዓለሙ የሚገናኙበት ቦታ ነው፦ በሮቹ፣ ቁልፎቹ፣ ካርታው፣ ልጁን ወክሎ የሚንቀሳቀሰው እጅ፣ ልጁን ወክሎ የሚያየው ዓይን። ባለሙያዎች ኢንተርፌስ ይሉታል። ከዚያች ቀን ወዲህ ይህን ሥራ የማየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ጥልቀት የሚባለውን ሦስተኛ አውታር ማን ይሸከመው? ስፋትና ከፍታ ለልጅ ቀላል ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሥዕል ሲሥል ኖሯል። ጥልቀት ግን በስክሪን መስታወት ላይ ሲመጣ ሸክም አለው። እኛ ካልተሸከምነው ልጁ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ስለ አካል ልናገር። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አይቫን ሰዘርላንድ በ1968 (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሳየው፣ በራስ ላይ የሚጠለቀው መሣሪያ ከመክበዱ የተነሣ ከጣሪያ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ቀለለ፤ የታሰበለት አካል ግን ያው የአዋቂ ሰው አካል እንደሆነ ቀረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናይስ የተባለ ፕሮጀክት ነበራቸው፤ ልጆች ግድግዳዎቹ ምስል በሆኑበት ኬቭ በሚባል ክፍል ውስጥ ገብተው ምናባዊ አትክልት እየተከሉ አብረው ይንከባከባሉ። ሐሳቡ ዛሬም ያስደስተኛል። ግን እዚያም መነጽሩ ለልጆቹ ጭንቅላት ሰፊ፣ መቆጣጠሪያውም ለእጃቸው ትልቅ ነበር። ይህን ሳነብ የዚያች ልጅ መነጽር ወደ አፍንጫዋ ሲንሸራተት ታየኝ።

በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአዋቂዎች ዘንድ በአማካይ 63 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአምስት ዓመት ልጅ ላይ እስከ 40 ሚሊሜትር ሊወርድ ይችላል። ብዙ ቤት የገባው የሜታ ኩባንያ ኩዌስት 2 የሚባለው መነጽር የነበሩት የሌንስ ርቀት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፤ 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር። ትንሹ ምርጫ እንኳ ለብዙ ትንንሽ ልጆች ሰፊ ነው። ሌንሱ ከዓይን ጋር ሳይገጥም ሲቀር ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዓይን ይደክማል፣ የነገሮች ርቀትና መጠንም ይዛባል። ሜታ በ2023 ዝቅተኛውን ዕድሜ በወላጅ ቁጥጥር ከ13 ወደ 10 ሲያወርድ፣ ልጆች ሁሉ አሁን ይችላሉ የሚል ስሜት በብዙዎች ዘንድ አደረ። ለእኔ የዕድሜ ቁጥር የሕግ ጉዳይ ነው፤ የልጁ ዓይንና አንገት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዛሬ ለትንንሽ ልጆች የምሠራውን አብዛኛውን ነገር ለታብሌትና ለተራ ስክሪን የማደርገው ስለዚህ ነው። መነጽር የግድ ሲሆን ወላጅ አጠገብ ይሆናል፣ ጊዜው አጭር ይሆናል፤ ልጁ እጁን ወደ መነጽሩ ካነሣም ጨዋታው በዚያው ይቆማል።

ሰው ብዙ የማያነሣው አንድ ነገር አለ። በመነጽር ውስጥ በጣም የቀረበ ነገር ስናይ ሁለቱ ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ የዓይናችን ሌንስ ግን በስክሪኑ የተወሰነ ርቀት ላይ እንዳተኮረ ይቆያል። ሁለቱ አይስማሙም፤ አለመስማማቱም ያደክማል። ስለዚህ ነገሮችን ከግማሽ ሜትር በላይ አርቆ ማስቀመጥ የተለመደ ምክር ነው። ለአዋቂ ይህ ችግር የለውም፤ እጁ ከዚያ በላይ ይደርሳል። የስድስት ዓመት ልጅ ክንድ ግን ግማሽ ሜትር ቢሞላ ነው። ለዓይኗ እንዲመች ብናርቀው እጇ አይደርስም፣ እጇ እንዲደርስ ብናቀርበው ዓይኗን ያደክማል። የዚያች መቀርቀሪያ ችግር ከፍታ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዝቅ ሳደርገው ይህኛው ችግር ከሥሩ ብቅ አለ።

መፍትሔውን ያገኘሁት በ1996 አይቫን ፖፒሬቭና ባልደረቦቹ ካሳተሙት ሥራ ነው። ጎ-ጎ ይሉታል። ሰውየው እጁን ወደ ሰውነቱ አቅርቦ ሲሠራ ምናባዊው እጅ ከእውነተኛው ጋር እኩል ይሄዳል፤ ከክንዱ ርዝመት ሁለት ሦስተኛውን አልፎ ሲዘረጋ ግን ምናባዊው ክንድ መርዘም ይጀምራል፣ በዘረጋ ቁጥርም ይበልጥ ይረዝማል። ለአዋቂዎች የታሰበው ራቅ ያለ ነገር እንዲይዙበት ነበር። ለልጆች ሳደርገው ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ የክንድ እጥረትን ካሰ። አሁን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ልጁ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ ወፍ ያራግባል። ለእሱ ጨዋታ ነው። እኔ በዚያች አፍታ የክንዱን ርዝመትና የትከሻውን ከፍታ እለካለሁ፤ በሩ፣ መቀርቀሪያው፣ መደርደሪያው ሁሉ በዚያ ልክ ይሰናዳል።

አሁን ወደ ጥልቀት ልመለስ፤ በተራ ስክሪን ላይ ይብሳልና። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በታብሌት ላይ ኳስ ወደ ቅርጫት እንዲያስገባ ጠየቅነው። ኳሱን በጣቱ ጎትቶ ልክ ቅርጫቱ አፍ ላይ አደረሰውና ጣቱን አነሣ። ኳሱ ግን ቅርጫቱን አልፎ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ወደቀ። «ከኋላ እየወደቀ ነው» አልኩት ልረዳው ብዬ። ልጁ ትንሽ አሰበና ታብሌቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

ያን ቀን ሌላ ሙከራ አላደረግንም። ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ልጁ የነገርኩትን በትክክል ነበር የሰማው። ኳሱ ከኋላ ወድቋል ካልኩት፣ እሱ በእጁ የያዘው ነገር ኋላ አለው። እኔ ግን ሌላ ኋላ ነበር የማወራው፤ ከመስታወቱ ውስጥ ያለ፣ በእጅ የማይነካ፣ በግምት ብቻ የሚታወቅ ኋላ። ጣት በመስታወት ላይ የሚሄደው ወደ ጎንና ወደ ላይ ታች ብቻ ነው። ሦስተኛውን አቅጣጫ ፕሮግራሙ በራሱ ይሞላዋል፤ በዚያ ፕሮግራም ላይ የሞላው ደግሞ በስሕተት ነበር። አዋቂ ሰው ከነገሩ መጠን፣ ምን ምንን እንደሸፈነ ከማየት፣ ከሁሉም በላይ ከጥላ እየተነሣ ይገምታል። በ1990ዎቹ ዳንኤል ከርስተንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ድንቅ ነገር አለ፦ ኳሱ በምስሉ ላይ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፣ መጠኑም አይለወጥም፤ የሚለወጠው የጥላው መንገድ ብቻ ነው። ጥላው ከኳሱ ጋር ሲሄድ ተመልካቹ ኳሱ ወለሉን ይዞ ወደ ውስጥ ሲገባ ያያል። ጥላው ሲለይ ያው ኳስ ወደ ላይ ሲነሣ ያያል።

ስለዚህ በእኔ ዓለማት ውስጥ የሚያዝ ነገር ሁሉ ጠቆር ያለ ጥላ አለው፤ ጥላውም ከነገሩ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፀሐይዋ ከጎን ብታበራም አይንቀሳቀስም። ሥዕል የሚያዘጋጁልን ባልደረቦች ብርሃኑ ውሸት ሆነ ብለው አዝነው ነበር፤ ሐዘናቸውን እረዳለሁ። ግን ያ ጥላ ጌጥ አይደለም፤ ልጁ «አሁን ብለቀው የት ይወድቃል» የሚለውን የሚያነብበት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቅርጫቱ ራሱ ይረዳዋል፤ ልጁ ኳሱን በምስሉ ላይ ቅርጫቱ አፍ ላይ ካደረሰው ኳሱ ይገባል። ጥልቀቱን እኛ እንሞላለን።

«ይህ ልጁን ማታለል ነው፣ መቸገርና መማር አለበት» ያለኝ ባልደረባ አለ። በቀና ልብ እንደተናገረው አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። በእውነተኛው ዓለም ያ ልጅ ኳስ ቅርጫት ውስጥ መክተት ይችላል፤ ሁለት ዓይን፣ አንድ እጅና ክብደት የሚሰማው መዳፍ አለው። እነዚህን ሁሉ የነጠቅነው እኛ ነን። የነጠቅነውን መመለስ ማታለል አይባልም። ማይንክራፍት የተባለው በኩብ የሚገነባበት ጨዋታ በ2011 በሙሉ እትም ወጥቶ ልጆች ያለ አስተማሪ ከተማ ሲገነቡበት ሰዎች ተገረሙ። እኔ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ እያንዳንዱ ኩብ አንድ ሜትር መሆኑና አዲሱ ኩብ የሚቀመጠው ባለው ኩብ ፊት ላይ መሆኑ ነው። ልጁ ጥልቀትን በቁጥርም በግምትም አይሰጥም፤ ፊቱን ያመለክታል፣ ኩቡ ይለጠፋል። ሦስተኛውን አውታር ኩቦቹ ተሸክመውለታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚከብደው የእይታ ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዣን ፒያዤና ባርቤል ኢንሄልደር ለልጆች የሦስት ተራሮች ሞዴል አቅርበው፣ ከሌላ ወገን የተቀመጠች አሻንጉሊት ምን እንደምታይ ይጠይቋቸው ነበር። አራት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች የመረጡት ራሳቸው የሚያዩትን ምስል ነበር። ከዚህም ትንሽ ልጅ ከራሱ ቦታ ወጥቶ ማየት አይችልም ተባለ። በ1975 ማርቲን ሂዩዝ ጉዳዩን ለወጠው። ተራሮቹን ትቶ በመስቀል ቅርጽ የቆሙ ግድግዳዎችንና ሁለት የፖሊስ አሻንጉሊቶችን አመጣ፤ ልጆቹንም ሕፃኑን አሻንጉሊት ሁለቱም ፖሊሶች ከማያዩት ቦታ ደብቁት አላቸው። ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች 90 በመቶውን በትክክል ሠሩ። መደበቅን ልጅ ሁሉ ያውቃል። የጎደለው ችሎታ አልነበረም፤ ጥያቄው ለልጁ ትርጉም አልነበረውም።

በአብዛኛው የስሪዲ ጨዋታ አንዱ አውራ ጣት ያራምዳል፣ ሌላው ካሜራውን ያዞራል። አዋቂ ሰው እንኳ ለመልመድ ቀናት ይወስድበታል። የሰባት ዓመት ልጅ ገጸ ባሕርዩ ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ እንዲሁ እየተራመደ፣ ካሜራው ደግሞ ወደ ሰማይ ዞሮ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ልጁ የሚያየው ሰማይ ነው፤ ሰማይ ለምን እንደሚያይ ግን የሚነግረው የለም። ለዚህ በጣም የምወደውን መልስ የሰጠው በ1996 የወጣው ሱፐር ማሪዮ 64 ነው። ካሜራውን የሚይዘው ላኪቱ የተባለ በደመና ላይ የተቀመጠ ፍጡር እንደሆነ ገና መጀመሪያ ላይ ያሳያል፤ መስታወት ያለበት ክፍል ውስጥ ስንገባ እሱም በመስታወቱ ይታያል። እይታው ባለቤት አገኘ። እኔም ይህን ተምሬ ካሜራውን ለአንዲት ወፍ ሰጠኋት። ልጁ ሌላ ወገን ማየት ሲፈልግ ወፏን ወደዚያ ይልካታል። «ከዚያ በኩል ምን ይታያል?» ብሎ መጠየቅ የሚከብደው ልጅ «ወፏ ከዚያ ዛፍ ላይ ትረፍ» ማለት አይከብደውም።

ቃላትም እንዲሁ ናቸው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ኮንዌይ፣ ራንዲ ፓውሽና ባልደረቦቻቸው አሊስ የተባለውን ለጀማሪዎች የሚሆን የስሪዲ መሥሪያ ሲያዘጋጁ፣ ኤክስ፣ ዋይና ዜድ የሚሉትን የሂሳብ አቅጣጫዎች ትተው ወደ ፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ በሚሉ ቃላት ተኩ፤ ወደ ፊት ማለትም የዚያ ነገር የራሱ ፊት ነው። ከእነሱ በፊት ሲሞር ፔፐርት ሎጎ በተባለው ለልጆች የሚሆን የፕሮግራም ቋንቋ የምትታዘዘውን ኤሊ ለልጆች ሲያስተዋውቅ መነሻው ተመሳሳይ ነበር፤ ልጁ ኤሊዋን ለመምራት ራሱን በእሷ ቦታ አድርጎ በእግሩ መሄድ ይችላል። ለአማርኛ ጽሑፍና ድምፅ ስሠራ ደግሞ የራሳችን ጥያቄ ይመጣል። «ክፈት» ካልኩ ልጅቷን አላናገርኩም፤ «ክፈቺ» ካልኩ ልጁን አላናገርኩም፤ «ይክፈቱ» ካልኩ ደግሞ ከልጅ ጋር እንደማላወራ ያስታውቃል። ብዙ ከሞከርኩ በኋላ «እንክፈተው» ላይ አረፍኩ። ወፏ ናት የምትናገረው፤ አብራ ልትከፍት ነው።

ካርታ ግን ብዙ አደከመኝ። በ1995 ሪቻርድ ስቶክሊ፣ ኮንዌይና ፓውሽ ያቀረቡት ሐሳብ አለ፦ ሰውየው የቆመበትን ዓለም ትንሽ ሞዴል በእጁ ይይዛል፤ በሞዴሉ ላይ ወንበሯን ሲያንቀሳቅስ ትልቋ ወንበር ትንቀሳቀሳለች። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ በደስታ ሠራሁት። ለዘጠኝና ለአሥር ዓመት ልጆች እውነትም ድንቅ ነበር። ትንንሾቹ ግን ሞዴሉን ተቀብለው በእሱ መጫወት ጀመሩ፤ የትንሿን ቤት ጣሪያ ይነካካሉ፣ ትልቁን ዓለም ረሱት።

ምክንያቱን ያገኘሁት ጁዲ ዴሎች በ1987 ካሳተመችው ጥናት ጀምሬ በማንበብ ነው። ለልጆቹ በትንሽ የክፍል ሞዴል ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ስትደብቅ ታሳያቸዋለች፤ ትልቁ አሻንጉሊት በትልቁ ክፍል ውስጥ እዚያው ቦታ ነው ያለው ትላቸዋለች። የሦስት ዓመት ልጆች ሄደው ያገኙታል፤ ጥቂት ወራት ብቻ የሚያንሷቸው የሁለት ዓመት ተኩል ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አያገኙትም። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ራሱም ዕቃ ነው፣ የሌላ ነገር ምልክትም ነው፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይከብዳል። በ1997 ደግሞ እሷና ባልደረቦቿ ለሁለት ዓመት ተኩል ልጆች ክፍሉን የሚያሳንስ ማሽን አለ ብለው ነገሯቸው፤ ትንሹ ክፍል ትልቁ ራሱ ነው፣ አንሶ ነው አሏቸው። ያን ጊዜ ልጆቹ አገኙት። ምልክት መሆኑ ቀርቶ ያው ክፍል ሆነላቸው።

የእኔ ልጆች ከእነዚያ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ሥራውም ይለያል። ነገሩ ግን መንገድ አሳየኝ። አሁን ልጁ ካርታ ሲፈልግ ምንም ነገር በእጁ ላይ ብቅ አይልም። ዓለሙ ራሱ በዓይኑ ፊት ቀስ እያለ ያንሳል፤ ዛፎቹ ጉልበቱ ድረስ ይደርሳሉ፣ ወንዙ እንደ ክር ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ሁሉም እንደ ሣህን በፊቱ ይቀመጣል። ይህ የሚሆነው በታብሌት ላይ ብቻ ነው፤ በመነጽር ውስጥ ዓለም ሲያንስ ሆድ ይረበሻል፣ ራስ ይዞራል። ሲመለስም እንዲሁ ቀስ ብሎ ያድጋል። አራት ሰከንድ ይፈጃል። አንዳንድ አሠሪዎች አራት ሰከንድ ይረዝማል ይላሉ። እኔ ግን ከዚያ አላሳጥረውም።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። ካትሪን ሴጎቪያና ጄረሚ ቤይለንሰን በ2009 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ምናባዊ አምሳያቸው ከዓሣ ነባሪዎች ጋር ሲዋኝ በመነጽር ካዩ በኋላ፣ ነገሩ በእውነት የደረሰባቸው አድርገው አስታውሰውታል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የምሠራቸው ዓለማት በልጁ ውስጥ ምን ሆነው እንደሚቀሩ ሳላስብ ያለፍኩበት ሳምንት የለም። አንድ ድርጅት የመውጫውን በር ልጁ በቀላሉ እንዳያገኘው ከኮረብታው ጀርባ እንዳደርገው ጠይቆኝ ያውቃል፤ ልጆቹ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩለት ነበር የፈለገው። እምቢ አልኩ፤ ሥራውም ቀረ። በእኔ ዓለማት ውስጥ መውጫው ሁልጊዜ ልጁ በስተጀርባው ሲዞር የሚያገኘው አንድ ዓይነት በር ነው፤ ቀለሙም በየትኛውም ዓለም አይለወጥም።

ልጆችን በመጨረሻው ቀን ለሙከራ ብቻ መጥራትም ትቻለሁ። አሊሰን ድሩን ልጆች በቴክኖሎጂ ሥራ ውስጥ ሊኖራቸው የሚችለውን ድርሻ በአራት ከፍላ ጽፋለች፤ ተጠቃሚ፣ ሞካሪ፣ መረጃ ሰጪ፣ የንድፍ አጋር። አጋር ማለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነው። በካርቶንና በሸክላ ዓለሙን አብረን እንሠራዋለን፤ ካርቶን ጥልቀት አለው፣ በእጅ ይነካል፣ ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ ልጅ ከሰባት ሳምንት በኋላ ከእናቷ ጋር ተመልሳ መጣች። መነጽሩን በራሷ ልክ አስተካከልንላት። እጆቿን ዘርግታ እንደ ወፍ አራገበች። ሰማያዊው በር ፊቷ መጣ። ትንፋሼን ይዤ መቀርቀሪያውን ስታገኘው ምን እንደምትል ጠበቅኩ። ምንም አላለች። ሳታየው ሳበችው፤ ሰው የቤቱን በር እንደሚከፍት ከፈተችና ገባች። አትክልቱ ውስጥ ጥቂት ተራመደችና ቀና ብላ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ወፍ አየች። ከዚያ መሬቱን አየች። እንደገና ወፏን አየች።

«ይህቺ ወፍ ጥላዋ የት ሄደ?» አለችኝ።

የሚያዝ ነገር ሁሉ ጥላ እንዲኖረው አድርጌ ነበር። ወፏን ግን ማንም አይዛትም ብዬ ትቻት ነበር። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩት።